መዝገቡ ሳይነካ

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ መዝገብ ቤት የሚባለውን ክፍል ያውቃል። ደብዳቤ ሲገባ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፤ ሲወጣም እንዲሁ። ማን እንደ ጻፈው፣ ለማን እንደ ተጻፈ፣ ጉዳዩም ምን እንደ ሆነ በባሕር መዝገቡ ላይ በተራ ይሰፍራል። ታዲያ ኃላፊው መጥቶ «በሐምሌ ወር ስለ ማዳበሪያ የተጻፈውን ሁሉ አቅርብልኝ» ቢል፣ ሥራውን የሚያውቅ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ከባሕር መዝገቡ ላይ ገጽ አይገነጥልም፤ የማይፈለገውንም አይሰርዝም። የተፈለገውን ብቻ ለቅሞ፣ በሌላ ወረቀት ላይ በሚነበብ አኳኋን አሰናድቶ ያቀርባል። መዝገቡ እንዳለ ይቀመጣል፤ አቀራረቡ ግን እንደ ጠያቂው ይለዋወጣል።

እኔም የመንግሥት ሥራ የጀመርሁት በመዝገብ ቤት ስለ ሆነ ይህ ሕግ ከልቤ አይጠፋም። ዛሬ ሮቤ ከተማ ውስጥ በኮምፒዩተር ሥራ ላይ ብገኝም፣ ያው ሕግ ተከትሎኝ መጥቷል። ውድ አንባቢ ሆይ፣ በተለይም በትምህርት ላይ ያለህ ወይም ደመወዝ መቀበል ከጀመርህ ገና ጥቂት ጊዜ የሆነህ ወጣት፣ ዛሬ ላጫውትህ ያሰብሁት ይህንኑ ነው።

የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች የሥራቸውን ታሪክ የሚይዙበት መዝገብ አላቸው። ከእነዚህም መካከል ዛሬ በዓለም ላይ እጅግ የተስፋፋው ጊት የሚባለው ነው። የሠራው ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተወላጅ ነው። ይህ ሰው ሊኑክስን ከብዙ አገር ሰዎች ጋራ ሲያዘጋጅ ይገለገልበት የነበረው የመዝገብ ፕሮግራም በነጻ መሰጠቱ ሲቀር፣ በ1997 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005) የራሱን ሠራ።

በጊት መዝገብ እያንዳንዱ ምዝገባ ኮሚት ይባላል። በውስጡ የጸሐፊው ስምና የኢሜይል አድራሻ፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ ከእርሱ በፊት የነበረው ኮሚት ቁጥር፣ እንዲሁም «ይህን ያደረግሁት ስለዚህ ነው» የሚል አጭር መልእክት ይገኛል። የኮሚቱ ቁጥር ግን እንደ ደብዳቤ ቁጥር 1፣ 2፣ 3 እየተባለ የሚሰጥ አይደለም። ፊደልና አኃዝ የተቀላቀለበት፣ አብዛኛውን ጊዜ 40 ምልክት ያለው ሲሆን፣ የሚሰላውም ከራሱ ከኮሚቱ ይዘት ነው። አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ቁጥሩ ሌላ ይሆናል። እያንዳንዱም የቀዳሚውን ቁጥር ስለሚይዝ፣ ከመካከል አንዱን የነካ ሰው ከዚያ ወዲህ ያሉትን ሁሉ ነካ ማለት ነው። በአንድ ክር እንደ ተሰካ ዶቃ ቁጠረው።

አሁን ወደ አቀራረቡ እንምጣ። ሰው «ጊት ሎግ» ብሎ ሲጽፍ ታሪኩ ከመጨረሻው ጀምሮ ወደ ኋላ ይዘረዘርለታል። ለእያንዳንዱ ኮሚት ረጅሙ ቁጥር፣ የጸሐፊው ስም፣ ቀኑና መልእክቱ በየመስመሩ ይወርዳሉ፤ አንዱ ኮሚት ብቻ አምስትና ስድስት መስመር ይፈጃል። የአንድ ዓመት ሥራ በዚህ ሁኔታ ሲዘረዘር ያየ ጀማሪ ተማሪ ዐይኑ ይፈዝና መስኮቱን ዘግቶ ይሄዳል። ብዙዎችም የታሪኩ መልክ ይህ ብቻ ይመስላቸዋል።

ነገር ግን ጊት እንደ ደግ መዝገብ ቤት ነው፤ የጠየቁትን በጠየቁት መልክ ያቀርባል። ከትእዛዙ ቀጥሎ ሁለት ሰረዝ አድርጎ «ዋንላይን» ያለ ሰው፣ እያንዳንዱ ኮሚት በአንድ መስመር፣ ቁጥሩም አጥሮ ይመጣለታል። «ግራፍ» ብሎ ቢጨምር፣ በስተግራ በኩል በኮከብና በመስመር ሥራው የት ላይ እንደ ተከፈለና የት ላይ እንደ ተገናኘ ይሣልለታል። «ሪቨርስ» ቢል ከመጀመሪያው ይጀምርለታል። የሰው ስም፣ ወይም የተወሰነ ጊዜ፣ ወይም የአንዲት ፋይል ስም ቢሰጠው ያንኑ ብቻ ይለቅምለታል። ይህ ሁሉ ካልበቃውም «ፕሪቲ ፎርማት» በሚባለው መንገድ ዐምዶቹን ራሱ ይደረድራል። የመቶኛ ምልክት አስቀድሞ ትንሹን «ኤች» ቢጽፍ አጭሩ ቁጥር፣ «ኤስ» ቢጽፍ የመልእክቱ ርእስ፣ «ኤዲ» ቢጽፍ ቀኑ በዚያ ቦታ ይገባል። ቀለምም ከፈለገ ቁጥሩን ቢጫ፣ ስሙን አረንጓዴ ማድረግ ይችላል።

የባሌ ሰው ይህን ነገር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከጎባ ተነሥቶ ወደ ሳነቴ የወጣ መንገደኛ በአስታው መካከል አልፎ፣ ጅብራው ወደ ቆመበት ብርዳም ሜዳ ይደርሳል፤ ቀይ ቀበሮም ዕድል ካለው ያያል። ከደሎ መና በኩል የመጣው ደግሞ የሐረናን ጫካ፣ ቡናውንና ቀርከሃውን አልፎ፣ ገደሉን ተጠማዝዞ ነው ወደዚያው የሚወጣው። ሁለቱ ተገናኝተው ስለ ተራራው ቢጫወቱ ስለ ሁለት አገር የሚያወሩ ይመስላል። ቱሉ ዲምቱ ግን በ4,377 ሜትር ከፍታው ላይ እንደ ቆመ ነው፤ ማንም በየትም በኩል ቢወጣ አንድ ሜትር አይጨምርም፣ አይቀንስም።

ይህ የአቀራረብ ነገር የዐይን ምቾት ብቻ አለመሆኑን ያየሁት በአንድ ወጣት ባልደረባዬ ጉዳይ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም ልተወው። የገበሬዎችን የዘርና የማዳበሪያ ጥያቄ የሚመዘግብ ፕሮግራም የሚያዘጋጁ አራት ወጣቶች በውል ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። የውሉ ዘመን ሲያልቅ ኮሚቴ ተሰብስቦ የማን ውል እንደሚራዘም ሊወስን ሆነ። ኃላፊው ከአንድ ሰው እንደ ሰሙት «ጊት ሾርትሎግ» በሚባለው ትእዛዝ የእያንዳንዱ ሰው ኮሚት ብዛት ተቈጥሮ እንዲቀርብላቸው አዘዙ። ወረቀቱ ታትሞ ሲመጣ የአራት ሰዎች ሥራ የስድስት ሰዎች ስም ይዞ ወጣ። የዚያ ወጣት ስም ከታች፣ በአራተኛና በአምስተኛ፣ በስድስተኛም ተራ ላይ ተበታትኖ ይታያል።

«ይህ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ምን ሲሠራ ከረመ?» አሉ ኃላፊው።

«ጌታዬ፣ ከታች ያሉት ሦስቱም ስሞች የእርሱ ናቸው» አልኋቸው።

«አንድ ሰው እንዴት ሦስት ስም ይኖረዋል?»

ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር፤ መልሱም የአገራችን ነው። የወጣቱን ስም አልጠራውም፤ ነገር ግን የሼህ ሁሴን አገር በሆነው በባሌ እጅግ የተለመደውን ሁሴን የሚለውን ስም ለምሳሌ እንውሰድ። በአማርኛ አንድ መልክ አለው። በቁቤ ሲጻፍ «ሰ» አንድ ጊዜ ይጻፍና የመጨረሻው አናባቢ ይደገማል። በእንግሊዝኛው ልማድ ደግሞ «ሰ» ይደገምና አናባቢው ሌላ ይሆናል። ልጁ በቤቱ ላፕቶፕ ላይ ስሙን በትምህርት ቤት እንደ ተማረው በቁቤ አስገብቷል፤ በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ በዲግሪው ወረቀት ላይ እንዳለው በእንግሊዝኛው ልማድ ተጽፏል፤ ወደ ወረዳ ይዞት በሚወጣው ሦስተኛው ላይ ደግሞ አንድ ጓደኛው አሳጥሮ የቅጽል ስሙን አግብቶለታል። ለጊት ፊደሉ የተለየ ስም የተለየ ሰው ነው። ሦስቱ ቢደመሩ ልጁ ከአራቱ ሁለተኛ ነበር፤ ተበታትነው ግን መጨረሻ አደረጉት። ቤተ ሰቡ በእርሱ ደመወዝ ይረዳ ነበርና ጉዳዩ የስም አጻጻፍ ብቻ አልነበረም።

ኃላፊው ነገሩን ሲሰሙ «እንግዲያው መዝገቡን አስተካክሉና አንድ ስም አድርጉት» ብለው ሄዱ። ወጣቱም ይህን እንደ ሰማ «ጋሼ፣ ዛሬ ማታውኑ ከሥሩ ጀምሬ አስተካክለዋለሁ» አለኝ። ይህን ማድረግ ይቻላል፤ ታሪኩን ከመጀመሪያው ኮሚት ጀምሮ እንደ ገና የሚጽፍ መሣሪያ አለ።

«ተው ወንድሜ» አልሁት። «ስሙን ብትለውጥ ቁጥሩ ሁሉ ይለወጣል። ጓደኞችህ በየኮምፒዩተራቸው የያዙት ቅጂ ካንተው ጋራ አይስማማም። ባለፈው በላክነው ሪፖርት ላይ የጠቀስናቸው ቁጥሮችም ባለቤት አልባ ይሆናሉ። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ኮሚቴው ሊሰበሰብ ሦስት ቀን ሲቀረው መዝገቡን የደለዘው ልጅ ትባላለህ። እውነቱ ያንተ ሆኖ ሳለ ለምን የደላዥ ስም ታተርፋለህ?»

መድኃኒቱ ሌላ ነው። በፕሮግራሙ ማኅደር ዋና ክፍል ውስጥ «ሜይልማፕ» የምትባል፣ ስሟ በነጥብ የሚጀምር ትንሽ ፋይል ትቀመጣለች። በእያንዳንዱ መስመር ላይ መጀመሪያ ትክክለኛው ስምና አድራሻ፣ ቀጥሎም በአሮጌው ኮሚት ላይ ያለው ስምና አድራሻ ይጻፋል። ጊት ታሪኩን በሚያሳይበት ጊዜ ይህችን ፋይል ተመልክቶ «ይህ ሰውና ያ ሰው አንድ ናቸው» ብሎ አንድ አድርጎ ያቀርባቸዋል። አሮጌዎቹ ኮሚቶች አንዳቸውም አይነኩም፤ ቁጥራቸውም አይለወጥም። ፋይሏ ራሷ በአዲስ ኮሚት፣ በግልጽ፣ ከነቀኗና ከነጸሐፊዋ ስለምትመዘገብ ምሥጢር የለባትም።

በጣም ያስደሰተኝ አንድ ነገር ልንገርህ። ዐምዱን ራሱ የሚደረድር ሰው «ኤኤን» የሚለውን ሁለት ፊደል በትንንሹ ቢጽፍ፣ ስሙ ያኔ እንደ ተመዘገበ ይወጣል፤ ሁለተኛውን ፊደል ወደ ትልቁ ቢለውጠው፣ ስሙ በሜይልማፕ እንደ ታረመ ይወጣል። እኛም ሁለቱን ጎን ለጎን በሁለት ዐምድ አድርገን አተምናቸው። «ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» እንደሚባለው፣ መጠራጠር የፈለገ የኮሚቴ አባል በየመስመሩ እየተመለከተ ማመሳከር ይችል ነበር።

የስሙ ነገር እንዲህ ሲያልቅ የቀኑ ነገር ተነሣ። ኃላፊው የሚፈልጉት የበጀቱን ዓመት ሥራ ነው፤ የበጀታችን ዓመት ደግሞ የሚገባው ሐምሌ 1 ቀን ነው። ጊት ግን የሚያሳየው በፈረንጅ ወርና በፈረንጅ ሰዓት ነው። ከወጣቶቹ አንዱ «ማሽኑ የፈረንጅ ነው፤ ምን ይደረግ!» አለ። ይህ አባባል ግን ስሕተት ነው። በመዝገቡ ውስጥ የፈረንጅም ሆነ የእኛ ወር የለም። በውስጡ ያለው ከአንድ ከታወቀ ቅጽበት ጀምሮ ያለፈው የሰከንድ ብዛትና ጸሐፊው ያለበት አገር ሰዓት ከግሪንዊች ያለው ልዩነት ብቻ ነው። ያ ቅጽበት በእኛ አቆጣጠር ለታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። አዲሱ ሺህ ዓመት በባተበት በመስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ከጧቱ 12 ሰዓት ላይ የተጻፈ ኮሚት ቢኖር፣ በውስጡ የሚገኘው ቁጥር 1,189,566,000 ይሆን ነበር። ከዚያ ወዲያ «ሴፕቴምበር» ማለትም ሆነ «መስከረም» ማለት የአሳዪው ፈንታ ነው።

ይህን የሚያስረዳ ጥሩ ምሳሌ የጊት የራሱ የመጀመሪያ ኮሚት ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ ሲጽፈው በዚያ በአሜሪካ ምዕራብ መጋቢት 29 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነበር። በዚያችው ቅጽበት ሮቤና ጎባ ለመጋቢት 30 አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት አልፎ ሰው ሁሉ ተኝቶ ነበር። ጊትን «ሎካል» በሚባለው የቀን አቀራረብ ብትጠይቀው ያችኑ ቅጽበት በአንተ አገር ሰዓት ይነግርሃል፤ የፈረንጅ ቀኑም አንድ ቀን ወደ ፊት ይሄዳል። አሜሪካ ያለው ሰውም ሮቤ ያለው ሰውም አልዋሸም።

ጊት መስከረምንና ጳጉሜን ስለማያውቅ፣ ወጣቶቹ «ኤቲ» በሚባለው ምልክት ሰከንዱን እንዲያው በቁሙ አስወጡና ወደ ኢትዮጵያ ቀንና ሰዓት የሚለውጥ አጭር ፕሮግራም ጻፉ። ከሐምሌ 1 ጀምሮ ያለው ሥራ በየወሩ ተከፍሎ፣ ጧቱ ጧት ማታውም ማታ ሆኖ ወጣ። ኃላፊውም ወረቀቱን ሲያዩ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ አስተርጓሚ አነበቡት።

አንድ ሌላ ችግርም ነበረ። ከወጣቶቹ ብዙዎቹ ፋይሎቻቸውን በአማርኛ ፊደል ነበር የሰየሙት። ጊት ደግሞ ካልተነገረው በስተቀር ከላቲን ውጭ የሆነውን የፋይል ስም በቁጥር ይተረጕመዋል፤ ለአንዲት የግዕዝ ፊደል ሦስት ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ይሰጣል። «ዘር» የሚለው ስም 341፣ 213፣ 230፣ 341፣ 210፣ 255 ተብሎ ሲወጣ፣ ወረቀቱ የስልክ ማውጫ ይመስል ነበር። ይህም ቢሆን የማሳያ ጉዳይ እንጂ የመዝገብ ጉዳይ አይደለም። «ኮር ኮትፓዝ» የሚባለውን ምርጫ «ፎልስ» ማድረግ ብቻ ይበቃል፤ ፊደላችን በመልኩ ይመለሳል። በመጨረሻም ይህን ሁሉ ረጅም ትእዛዝ በየጊዜው ከመጻፍ፣ «አሊያስ» በሚባለው ዘዴ አጭር ስም ሰጠነው። «መዝገብ» አልነው፤ ትእዛዝ ስለ ሆነ ግን የተጻፈው በላቲን ፊደል ነው።

ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ ወረቀቱም ቀረበ። የስሙ ጥያቄ በአጭር ጊዜ አለቀ። ከዚያ ግን አንዲት የኮሚቴ አባል፣ እድሜ ጠገብ የሒሳብ ሠራተኛ፣ መነጽራቸውን አስተካክለው አንድ መስመር በጣታቸው አመለከቱ።

«እዚህ ላይ ‹ተስተካክሏል› ይላል። ከበታቹም ‹ተስተካክሏል› ይላል። ይኸው እስከ ገጹ መጨረሻ ‹ተስተካክሏል› ነው። ልጄ፣ የተስተካከለው ምንድን ነው?»

ወጣቱ ዝም አለ። እኔም የምመልሰው አልነበረኝም። ያን ያህል ያሰማመርነው ዐምድ፣ ቀለም፣ ቀንና ስም ለዚህ ጥያቄ መልስ አልያዘም። ልጁ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ እያንዳንዱን ኮሚት ከነለውጡ ማሳየት ግድ ሆነበት፤ አንዱ የዘር መጠን ስሌት የታረመበት፣ አንዱ የቀበሌ ስም የተለወጠበት፣ አንዱም የጠፋ ነጥብ የተመለሰበት ነበር። ለእያንዳንዱ አንዲት ዐረፍተ ነገር ቀድሞ ቢጻፍለት ኖሮ ያ ሁሉ ሰዓት ባልፈጀ ነበር። ውሉ ግን ለአንድ ዓመት ተራዘመ፤ እኒያ ሴትም ሲወጡ «ለሚቀጥለው ዓመት ምክንያቱን ጻፍ» አሉት።

ከዚህ ጉዳይ ሁለት ነገር ተምሬአለሁ። አንደኛው፣ ማሳየት የሚችለው የተጻፈውን ብቻ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል፤ ነገር ግን «ተስተካክሏል» ብሎ የጻፈ ሰው ለወራሹ የሚተወው ባዶ ሣጥን ነው። ሁለተኛው፣ የማሳየት ነጻነት የመሸፈን ነጻነትም ነው። የአንድን ሰው ስም ብቻ የለቀመ ዝርዝር ሌላው ምንም ያልሠራ ያስመስላል። የተወሰነ ወር ብቻ የያዘ ዝርዝር የከረመውን ድካም ያስረሳል። ቈጠራውም ቢሆን፣ አንዲት ፊደል ያረመውንና አንድ ሙሉ ክፍል የጻፈውን እኩል አንድ አንድ ይሰጣቸዋል። ያ ልጅ ሁለተኛ ሲሆንም እንደ ስድስተኛነቱ ሁሉ፣ ቁጥሩ ብቻውን የሥራውን ክብደት አይናገርም ነበር። ስለዚህ ዝርዝር ሲቀርብልህ «ምን ይላል?» ብቻ ሳይሆን «ምን ቀረበት?» ብለህ ጠይቅ።

አንተም በተራህ የምታቀርብ ስትሆን፣ በየትኛው ትእዛዝ እንዳወጣኸው በወረቀቱ ግርጌ ጻፍ፤ የጠረጠረህ ሰው ራሱ አውጥቶ ይመልከተው። በምትሠራበት ኮምፒዩተር ሁሉ ላይ፣ የመጀመሪያውን ኮሚት ከመጻፍህ በፊት፣ ስምህን በአንድ ዐይነት ፊደል አስገባ። ለአለቃህ፣ ለጓደኛህና ለራስህ የሚስማማውን መልክ ለየብቻ አዘጋጅ፤ ይህ ግብዝነት አይደለም፣ ለአንባቢ ማሰብ ነው። ነገር ግን አንድ ሰው፣ አለቃህም ቢሆን፣ «መዝገቡን አስተካክለው» ቢልህ፣ እንዲስተካከል የሚፈልገው መዝገቡ ይሁን ወይስ አቀራረቡ በትሕትና ጠይቀው። አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው አቀራረቡን ነው፤ ያንንም ሳትደልዝ ልትሰጠው ትችላለህ።